ጋሽ ደምሴ ጌም ቤት የዋሉ ዕለት

«ቁልፉን ሽሮ ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼዋለሁ» አለች ሙሉዬ። «እዚያ እጁን አይከትም። መኪናዬስ ካለህ ባትሪው ሞቷል በለው።»

ጋሽ ደምሴ ይህን የሰሙት መታጠቢያ ቤት ቆመው፣ ግማሽ ፊታቸው አረፋ፣ ግማሹ የተላጨ ሆኖ ነው። የማድ ቤቱና የመታጠቢያ ቤቱ መስኮቶች ወደ አንድ ጠባብ ጓሮ የሚከፈቱ ስለሆኑ በዚህ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ልጃቸው ሙሉዬ ግን እዚያው ቤት ተወልዳ አድጋም ይህንን ሁልጊዜ ትረሳዋለች። ባሏ ብሩክ የመለሰው አልተሰማም። ድምፁ ለወትሮውም ዝቅ ያለ ነው። ጋሽ ደምሴ ምላጩን ጉንጫቸው ላይ እንዳስጠጉ ትንሽ ቆዩ። ሰላሳ ሰባት ዓመት ከሀዋሳ ሞያሌ አውቶቡስ ነድተዋል። ስልሳ ሰው ከነዶሮውና ከነፍራሹ ጭነው በክረምት ጭቃ ወጥተው ወርደዋል። አሁን በስተርጅና የገዛ ነጭ ዲኤክሳቸው ቁልፍ ከሽሮ ጋር ተቀበረ። ይሁን፤ ቁልፉስ ይሁን። የከነከናቸው ባትሪው ነው። ትናንት ማታ ሙሉዬ ራሷ መኪናውን ከበር ወደ ግቢ ስታስገባ ተኝተው ሰምተውታል፤ በአንድ ቁልፍ ነው የተነሳው። እንዲህ ያለ ውሸት ለሌላ ሰው ይዋሻል እንጂ የሞተር ድምፅ ከሚስቱ ድምፅ እኩል ሲሰማ ለኖረ ሰው አይዋሽም።

ተላጭተው፣ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ። ብሩክ በረንዳው ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ሲያያቸው ያሰረውን ፈቶ እንደገና ማሰር ጀመረ።

«አባባ፣ መኪናው እንኳ ባትሪው...»

«ሞቷል?»

«ሞቷል።»

«ነፍሱን ይማር» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ሙሉዬ ከማድ ቤት ሻይ ይዛ ወጣች። አባቷን አላየቻቸውም፤ ሻዩን ነው የምታየው። እሳቸውም እሷን አላዩም። ሁለቱም አንድ ነገር ሲደብቁ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ይገባል። እናትየው በሕይወት ሳሉ «እናንተ ስትኳረፉ ቤቱ ይቀዘቅዛል» ይሉ ነበር። ዛሬም ሻዩ ተጠጣ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ ሽንኩርት መወደድ ተወራ፤ ስለ መኪናው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ብሩክ ሲነሳ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ ዛሬ አብረውት ቢውሉ ደስ እንደሚለው ተናገረ። ጌም ቤቱ ውስጥ ያለው የመንዳት መሣሪያ መሪው ልክ አልመጣ ብሎታል፤ ቅዳሜ ውድድር አለበት፤ ደንበኞቹ እየተነጫነጩ ነው፤ መሪ የሚያውቅ ሰው ቢያይለት። ጋሽ ደምሴ ነገሩ ከመኪናው የማራቂያ ዘዴ መሆኑን ብሩክ አፉን ሳይከፍት ነው የገባቸው። ቢሆንም «መሪ የሚያውቅ ሰው» የምትለዋ ቃል ጆሯቸው ውስጥ ጣፍጣ ቀረች። «እስቲ እንየው» አሉ፣ ሥራ ሞልቶበት እንደሚለመን ሰው ሰዓታቸውን ዐይተው።

ጌም ቤቱ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ታች ጫማ የሚሸጥበት ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ ድሮ የሴቶች ፀጉር ቤት ስለነበረ በአንዱ ግድግዳ ሙሉ መስታወት ቀርቶበታል፤ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጎል ሲገባባቸው የገዛ ፊታቸውን እዚያ ያዩታል። የመንጃዎቹ ነገር ግን ለብቻው በመጋረጃ ተከልሏል። ሁለት ናቸው። ብሩክ ራሱ ብረት አስበይዶ፣ ከአደጋ የተረፈ ሚኒባስ ወንበር ነቅሎ ገጥሞ፣ ከዱባይ በሰው ያስመጣቸውን መሪዎች አስሮ የሠራቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ፊት ሦስት ስክሪን አለ፤ አንዱ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ እንደ በር መስኮት በግራና በቀኝ። ግማሽ ሰዓት መቶ ብር። ሁለቱን ሠርቶ እስኪጨርስ ሙሉዬ የሰርጓን የአንገት ሐብል እንደሸጠች ጋሽ ደምሴ ያውቃሉ፤ አልነገሯቸውም እንጂ።

ተቀመጡ። መጀመሪያ ወንበሩን ነቅነቅ አድርገው ብየዳውን ፈተሹ። ቀጥለው በግራ ትከሻቸው ቀበቶ ፈለጉ፤ አልነበረም። የውስጥ መስታወቱን ሊያዞሩ ጣታቸውን ሲዘረጉ ስክሪኑን ነኩት፤ አሻራቸው እዚያው ታትሞ ቀረ። አማተቡ። ብሩክ «ይነሱ አባባ፣ አረንጓዴ በርቷል» ሲላቸው እጃቸውን አነሱ።

«ሞተሩ ይሙቅ።»

«ይሄ አይቀዘቅዝም እኮ።»

«የማይቀዘቅዝ ሞተር የለም» አሉና ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጠበቁ። ብሩክም ጠበቀ፤ ሌላ ደንበኛ ቢሆን ሰዓት ይቆጥርበት ነበር።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መሪው እንደ ኮርማ አንገት ተወጠረባቸው። ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ መኪናዋ ግን በዚያው ክብደት፣ ምንም ሳትናገር፣ ቀጥ ብላ አሸዋ ውስጥ ገባች። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው መሪውን እንደ ዋሾ ሰው ተመለከቱት።

«ይሄ መሪ አይናገርም» አሉ።

ብሩክ ኃይሉን መቶ በመቶ እንዳደረገው፣ ከዚህ በላይ እንደማይሄድ፣ ደንበኞቹም ከባድ እንደሚወዱ አስረዳ። ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚሉት ስለ ክብደት አይደለም። መኪና ስትታጠፍ መሪ ይከብዳል፤ እሺ። ግን የፊት ጎማ መሬቱን ሊለቅ ሲል፣ ከመልቀቁ አንድ ትንፋሽ አስቀድሞ፣ መሪው እጅ ውስጥ ቀለል ይላል። ሹፌር የሚድነው በዚያች ቅለት ነው። ዲላ መውረጃ ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ በዚያች ቅለት ነው ስንቱ ሰው ቤቱ የገባው። ይሄ ግን ጎማው ሲይዝም ከባድ፣ ሲለቅም ከባድ ነው። ሁሉን ነገር በጩኸት እንደሚናገር ሰው ነው፤ «ሻይ ስጡኝ»ንም «ቤቱ ተቃጠለ»ንም በአንድ ድምፅ የሚጮህ ሰው ምኑ ይሰማል።

ብሩክ እስኪጨርሱ ሰማቸው። ከዚያ የቅንብሩን ገጽ ከፈተ። በስክሪኑ ጥግ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፤ መሪው ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ቀይ ትሆናለች። ዓመት ሙሉ በየመታጠፊያው ቀይ ስትሆን ዐይቷታል፤ የጉልበት ምልክት መስላው ደስ እያለው ነበር የሚያያት። አሁን አፈረ። ኃይሉን ወደ ሰማንያ አወረደው፤ «ገና ነው» አሉ። ሰባ፤ «ገና።» ስልሳ ሁለት ላይ ጋሽ ደምሴ በመታጠፊያው መሀል ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ፣ መሪውን በጣም ጥቂት መለሱ፣ መኪናዋ በአስፋልቱ ጠርዝ ተሳብታ ወጣች።

«አለች» አሉ።

«ምን አለች?»

«ልለቅ ነው አለች።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብሩክ ለሙሉዬ ሲነግራት ብዙ ቀን አላለቀለትም። ሽማግሌው ኮታቸውን አወለቁ። «መንገዱ የት ሄደ፣ ቅቤ ላይ ነው እንዴ የምሄደው» አሉ፤ ብሩክ ንዝረቱን የሚያለሰልሰውን ቁጥር ሲቀንሰው የአስፋልቱ ጉርብጥብጥ ጣታቸው ላይ መጣ። «ፍሬን ስይዝ ጭራዋ ቀድሞኝ ይሄዳል» አሉ፤ የፍሬኑን ኃይል በጥቂቱ ከኋላ ወደ ፊት አዛወሩላት፣ ረጋች። የኋላ ጎማ ንፋሷን አስቀነሱ። ጡሩንባው የት እንዳለ ጠየቁ፤ የለም ሲባሉ በጣም ተገረሙ፤ ሰው ያለ ጡሩንባ እንዴት ይታጠፋል። አንድ ቁጥር በተቀየረ ቁጥር ሦስት ዙር ይነዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ያስባሉ። ብሩክ በደብተር ይጽፋል፣ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛው መንጃ ላይም ያስገባል። እስከ ዛሬ አማቱ አሥር ዓረፍተ ነገር የተናገሩት በሰርጉ ዕለት ሲመርቁት ብቻ ነበር። ዛሬ በምሳ ሰዓት ፍርፍሩን እየጎረሱ ስለ ጎማ ብቻ ከዚያ በላይ አወሩት። ስለ ጠዋቱ ነገር ግን አንድም ቃል አልተነሳም፤ ወሬው ወደ ዲኤክሱ በተጠጋ ቁጥር ሁለቱም ወደ ሰሃናቸው ያጎነብሳሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሩዋይዳ መጣች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ በቦርሳ ይዛ፣ ፈረቃዋ ባለቀ ቁጥር እዚህ ትመጣለች። በዚህ ቤት የእሷን የዙር ሰዓት የሰበረ ወንድ ገና አልተገኘም። ተቀመጠችና ገና በመጀመሪያው ዙር «ብሩክ፣ መሪውን ገደልከው እኮ፣ ቀለለ» አለች። በሦስተኛው ዙር ዝም አለች። በአምስተኛው የራሷን ሰዓት በአንድ ሰከንድ ተኩል ሰበረችው። ከመሪው እጇን ሳታነሳ «ማነው የነካካው?» ስትል ጠየቀች። ብሩክ በአገጩ ወደ ጋሽ ደምሴ አመለከተ። እሳቸው በዚያ ሰዓት የመጋረጃውን ዘርፍ በጣም በጥንቃቄ እየተመለከቱ ነበር።

«አባባ፣ አንድ ዙር አብረን እንሂዳ። እርስዎ በዚያኛው፣ እኔ በዚህ።»

«ደክሟቸዋል» አለ ብሩክ ቶሎ ብሎ።

«ማነው የደከመው?» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ኮፍያቸውን አዙረው እየደፉ።

ብቻቸውን ሲነዱ መንገዱ የእሳቸው ነበር። አሁንም አጀማመራቸው መልካም ነው፤ እጃቸው ሁሉን ይሰማል፤ ሩዋይዳን ሁለት መታጠፊያ ከኋላቸው አስቀሯት። በሦስተኛው ላይ ወደ ግራ ሲታጠፉ ድንገት ኳ አለ፣ መኪናዋ ተሽከርክራ ቆመች። «መጣሁ አይባልም?» አሉ። ሩዋይዳ ይቅርታ ጠየቀች። እንደገና ጀመሩ። አሁንም በግራ፣ ኳ። ለሦስተኛ ጊዜም። «የዚህኛው የግራ ስክሪን ችግር አለበት» አሉ ጋሽ ደምሴ። ብሩክ «ሊሆን ይችላል» አለ፤ ስክሪኑን እንኳ ቀና ብሎ አላየውም። ኬብሉን ነካካ፤ የኬብሉ ነገር ደህና ነበር። በአራተኛው ሩዋይዳ ሆን ብላ ቀስ አለች፤ ከጎናቸው በግራ ገጠመች፤ መኪናዋ ስክሪኑን ሞልታ ረጅም ጊዜ አብራቸው ሄደች። ጋሽ ደምሴ በርጋታ፣ ሰው እንደሌለበት መንገድ፣ ላይዋ ላይ ታጠፉባት።

ሩዋይዳ ፔዳሉን ለቀቀች።

«አባባ፣ በግራ ያለሁትን አያዩኝም እንዴ?»

የተናገረችው በቀላሉ፣ ሰዓት ስንት ነው እንደማለት ነው። የቤቱን ነገር አታውቅም። ብሩክ መሬት መሬት ያያል። ከመጋረጃው ማዶ አንዱ ጎል አግብቶ ይጨፍራል። ጋሽ ደምሴ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፍተው ስለ ስክሪኑ ጀመሩ፤ ብሩክን አዩት፤ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ተዉት። ሩዋይዳ ከወንበሯ ተነስታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። የቀኝ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑ አለቻቸው። ሸፈኑ። ክፍሉ ጠፋ ማለት ይቻላል። በር በጣት ስፋት ተከፍቶ ወደ ጨለማ ቤት እንደማየት ነው፤ በዚያች ስንጥቅ የሩዋይዳ ልብስ የአንገት ቁልፍ ይታያል፣ እሱም በጉም ውስጥ። እጇን እያነቃነቀች እንደሆነ በነፋሱ ነው ያወቁት።

መዳፋቸውን ሲያነሱ ብዙ ነገር አብሮ ተነሳ። በፋሲካ ሰሞን የመኪናውን ግራ ጎን የጎረቤት ብረት በር ላይ ፍቀውት፣ ጎረቤትየውን «በሩን ወደ መንገድ አወጣኸው» ብለው ተቆጥተዋል። ባለፈው ወር ደግሞ መሃል ከተማ ላይ፣ ሙዝ የተሸከመች ሴት ከግራ በኩል ወደ ኋላ ዘላ ስትወድቅ፣ ሙዙ አስፋልት ላይ ሲበተን፣ በመስኮት «ዐይተሽ አትሻገሪም?» ብለዋታል። ያኔ ሙሉዬ ከጎናቸው ነበረች። ወርዳ ሙዙን ለቀመች። ቤት እስኪደርሱ ቃል አልወጣትም፤ እሳቸው ደግሞ ሙቀቱ ነው ብለው አሰቡ።

«ሐኪም አይደለሁም» አለች ሩዋይዳ፤ «ግን መድኃኒት ሊወስዱ የሚመጡ ብዙ አያለሁ። የዓይን ግፊት ይመስላል። አያምም፣ ሳያስታውቅ ነው የሚወስደው። ሌላኛውን እንዳይነካ ዛሬውኑ ይታዩ።» ከእነሱ ፋርማሲ በላይ እስከ ምሽት አንድ ሰዓት የሚሠራ የዓይን ሐኪም እንዳለ ነገረቻቸው፤ ቁጥሩንም ለብሩክ ሰጠችው።

ጋሽ ደምሴ ወደ አማቻቸው ዞሩ። «ታውቁ ነበር?»

«የዓይን መሆኑን አላወቅንም አባባ። እርጅና መስሎን ነው።»

«እርጅና መስሏችሁ ነው ሽሮ ውስጥ የከተታችሁት።»

ብሩክ ቀና አለ። ፊቱ ቀስ በቀስ እስከ ጆሮው ቀላ። ጋሽ ደምሴ ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ጠዋት መስታወት ፊት ሆነው ቃላቱን ሁሉ አሰናድተዋል። አሁን ሲፈልጓቸው ግማሾቹ የሉም። ኮታቸውን አነሱ፣ ለበሱ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉ። «ሙሉዬን ጥራልኝ» አሉ በመጨረሻ። «መኪናውን ይዛ ትምጣ። ስለ ባትሪው ደግሞ ሌላ ነገር አትጨምርበት፣ ይበቃዋል።»

ሙሉዬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረሰች። ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደዚህ በርራ ነው የመጣችው፤ ነጠላዋን እንኳ ገልብጣ ነው የለበሰችው። አባቷ ከፎቁ ሲወርዱ ጫማ ቤቱ በር ላይ ዐየቻቸውና ከመኪናው ልትወርድ፣ የሾፌሩን ቦታ ልትለቅላቸው በሩን ከፈተች። እንዲህ ዓይነት ልጅ ናት፤ ቁልፍ ትደብቃለች፣ ፊት ለፊት ግን እንቢ ማለት አታውቅበትም። ጋሽ ደምሴ በመኪናው ፊት ዞረው፣ በቀኙ በር ገብተው ተቀመጡ። በዚህ ወንበር ተቀምጠው አያውቁም። ቀበቶው እንኳ ከየት እንደሚሳብ ትንሽ አስቸገራቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

ሙሉዬ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። «ስንት ጊዜ ልነግርህ መጣሁ መሰለህ። ሌሊት ሁሉ አጠናውና ጠዋት ፊትህን ሳይ ይጠፋብኛል። ከመኪናው ሌላ ምን ቀረለት እያልኩ።»

ባጃጅ ከኋላ ጡሩንባ ነፋባቸው። «አንቺ ቀርተሽልኛል» ማለት ነበረባቸው፤ ጋሽ ደምሴ ግን እንዲህ ያለ ነገር ተናግረው አያውቁም፤ «ማርሹን አንድ አግቢ፣ መንገድ ዘጋሽ» አሉ።

ሐኪሙ በአንድ መሣሪያ ዓይናቸው ላይ ነፋስ ነፋባቸው፣ በሌላው ብርሃን አበራባቸው፣ ጨለማ ክፍል አስቀምጦ ነጥብ ባዩ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫኑ አዘዛቸው። ብዙ ነጥብ እንዳመለጣቸው ከዝምታው አወቁ። የግራው የሄደው ሄዷል፤ አይመለስም አላቸው። የቀኙ ጠርዝ ጠርዙ መነካት ጀምሯል፤ ጠብታውን ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልካቸውን፣ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ካደረጉ ግን ሊቆይላቸው ይችላል። «ዓመት ቢዘገዩ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» አለ። ስለ መንዳት ሙሉዬ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ጋሽ ደምሴ ቀደሟት፤ «እሱን እኔ ጨርሼዋለሁ» አሉ። ሐኪሙ ምን እንደጨረሱ ስላልገባው ወደ ልጅቱ ዐየ። ሙሉዬ መድኃኒቱን በቦርሳዋ ከተተች።

ሲወጡ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ወርዳ፣ የመንገዱ ዳር ዘንባቦች ጥላቸው አስፋልቱን አቋርጦ ተኝቷል። የቢሮ መውጫ ነው፤ ባጃጁ፣ ብስክሌቱ፣ ከቡሹሎ አትክልት ጭኖ የሚመጣው ጋሪ አንድ ላይ ይተራመሳል። ሙሉዬ አባቷ ከጎኗ ስላሉ ከወትሮዋ በላይ ፍሪሲዮኑን ትረግጣለች። ጋሽ ደምሴ ሰሙት፤ ስለ ፍሪሲዮን ረግጦ መንዳት የሚሉት አላጡም፣ ዋጡት። ቀን ሙሉ የመሪ ነገር ሲያወሩ ውለው አሁን እጃቸው ጭናቸው ላይ ሥራ ፈትቷል፤ አንዱን በአንዱ ላይ ደረቡት።

ወደ ሰፈራቸው የሚያስገባው መስቀለኛ ላይ መብራቱ አይሠራም። ሙሉዬ ቆመች። መኪና ከዚህም ከዚያም ይመጣል፤ አንገቷን ወዲህና ወዲያ ታዞራለች፣ ልትነሳ ትልና ትተዋለች።

«ባጃጅ አለ በቀኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ይለፍ።»

ባጃጁ አለፈ። አንድ ብስክሌትም ተከተለው።

«አሁን በእኔ በኩል ባዶ ነው።» ቀና ብለው በመስታወቱ ማዶ ወደ መንገዱ ዐዩ፤ ከዚያ በሕይወታቸው ማንንም ጠይቀውት የማያውቁትን ጠየቁ። «በግራስ?»

ሙሉዬ በግራ ዐየች፣ ደግማ ዐየች። «ባዶ ነው አባዬ።»

«እንግዲያው ሂጂ» አሏት።